ወጌሻዋ ድሬ የገባች ቀን

ዳምጠው የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ ሲል ባቡሩም ከጀርባው ቆመ። ሰው በየመስኮቱ አንገቱን አወጣ። አንዱ «አቦ ዳምጠው፣ ክር የሌለው ጫማ አትገዛም?» አለው። ዳምጠው ሳይቸኩል ክሩን አስሮ፣ ቀዩን ባንዲራ ትከሻው ላይ መልሶ መራመድ ጀመረ። ባቡሩም ተከተለው።

ድሬዳዋ ውስጥ ይህን አይቶ የሚገረም ሰው ካለቀ ቆይቷል። የከተማው ባቡር ራሱን ይነዳል፤ ችግሩ ሐዲዱን አያምንም። እውነት ለመናገር ማንም አያምነውም። ሐዲዱ የአያቶች ዕድሜ አለው፤ ፀሐይ ስትበረታበት ይሰፋል፣ ሲሰፋ መሄጃ ያጣና ይንጋደዳል። አንድ ጠዋት ባቡሩ ከመስመር ወጥቶ ፈጢራ ቤት ውስጥ ገብቶ ከቆመ ወዲህ የሚያምነው የሰው እግር ብቻ ሆነ። ከፊቱ ሰው ሐዲዱን እያየ ሲራመድለት ይሄዳል፤ ሰውየው ሲቆም ይቆማል። ሥራው «ቀዳሚ» ይባላል፤ ቀዳሚው ደግሞ ዳምጠው ነው። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ባቡሩን ከለገሃር እስከ መልካ ጀብዱ እየመራ ሲወስድና ሲመልስ ፀጉሩ ሸብቷል። አንድም ቀን ግን ተሳፍሮ አያውቅም። ማን ቀድሞለት ይሳፈር!

ከተማው ለዚህ አካሄድ ተመቻችቶለታል። ከባቡሩ ወርዶ ሳምቡሳ ገዝቶ፣ መልስ ተቀብሎ፣ ተጨቃጭቆ መልሶ መሳፈር ይቻላል። ፀጉር አስተካካዩ ሁለተኛው ፉርጎ ውስጥ ነው፤ የሂሳብ አስተማሪዋ ሦስተኛው ውስጥ ታስተምራለች፣ ለገሃር ላይ መደመር የጀመረ ተማሪ ሳቢያን ሲደርስ ማካፈል ላይ ነው። ዳምጠው ሰላምታ ካበዛ ተሳፋሪው ይጮህበታል፤ ሰላምታ ካሳጠረ ደግሞ በረንዳ ላይ የተቀመጠው ሰው ይቀየመዋል። በሁለቱ መሃል መኖር ለምዷል።

ፀሐይ ከፍ ስትል የፀሐይ ጡሩንባ ይነፋል። ያኔ ሰው ሁሉ ቤቱ ይገባል፤ ባቡሩም የደረሰበት ይቆማል፤ እስከ ማግስቱ ንጋት ከተማው የቆርቆሮ ድምፅ እንጂ የሰው ድምፅ አይሰማበትም። ስለዚህ ባቡሩ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይሄዳል። ዛሬ ለገሃር የተሳፈረ ሰው መልካ ጀብዱ ያድርና ነገ ይመለሳል። ዘመድ ጥየቃ የሚሄድ ሰው ፒጃማ ይዞ ነው።

የዳምጠው ቤት ጣጣም ከዚሁ ይጀምራል። ሴት ልጁ ሶስና ከመልካ ጀብዱ ዮናታን የሚባል ልጅ ወደደች። ልጁ ጨዋ ነው፣ ሥራ አለው፣ ይስቃል፤ ምንም አይወጣለትም። የዮናታን አባት ገረመው ሽማግሌ ላከ፤ ሽማግሌዎቹም በአንድ ቀን ሄዶ መመለስ ስለማይቻል ዳምጠው ቤት አድረው ነው ሚስቱን ውድነሽን የለመኗት። ውድነሽ አብልታ አጠጥታ፣ አንጥፋ አስተኝታ፣ ጠዋት ቁርስ ካበላች በኋላ መልሷን ሰጠች። ልጁን ወድጄዋለሁ፣ አለች። ነገር ግን አንድ ልጄን ሄጄ አይቻት፣ አምጥቼ አብልቻት በዚያው ቀን መመለስ ወደማልችልበት አገር አልሰጥም።

ሽማግሌዎቹ መልካ ጀብዱ አገር አይደለም፣ ሰፈር ነው አሏት።

«ለእናት አዳር ያለበት ሁሉ አገር ነው» አለች። «ባቡሩ ሲሮጥ ልጄን እሰጣለሁ።»

ባቡሩ ሲሮጥ! ድሬዎች እንዲህ የሚሉት የማይሆን ነገር ሲሰሙ ነው። «ብድርህን ባቡሩ ሲሮጥ እመልሳለሁ» ይባላል። ሶስና ያን ዕለት አልጋዋ ላይ ተደፍታ ዋለች፤ ዳምጠው ደግሞ ባንዲራውን በር ላይ አቁሞ የገዛ እግሩን ሲያይ ዋለ። ከዚያ በኋላ በእግሩ በሄደ ቁጥር፣ ባቡሩም በቀስታ በተከተለው ቁጥር፣ ልጁን ራሱ ወደኋላ እየጎተታት ያለ ይመስለው ነበር።

ታዲያ እዚህ ላይ እያለ ነው ወጌሻዋ ትመጣለች የሚለው ወሬ ከተማዋን ያናጋት። ወጌሻዋ የሐዲድ ጠጋኝ ማሽን ናት። እውነተኛ ስሟ ረጅም ነው፣ ማንም በሱ አይጠራትም። ሰባራ ሐዲድ እያቃናች፣ አሮጌውን አውጥታ ሙቀት የማይበግረውን ነጩን እየተካች ከአንዱ ቆላ ከተማ ወደ ሌላው ትዞራለች። ተራው ስለማይደርሰው የድሬ ሰው ስሟን እንደ ተረት ነበር የሚሰማው። አሁን ከሰመራ ተነስታ ወደ ጅቡቲ ስትሄድ መንገዷን ጠምዝዛ ድሬ ላይ ትውላለች ተባለ። አንድ ቀን ብቻ!

በማግስቱ ባቡሩ ውስጥ የሚወራው ሌላ ነገር አልነበረም። ፀጉር አስተካካዩ ባቡሩ ከሮጠ መቀሱን እንዴት እንደሚይዝ ተጨነቀ፣ ወዲያው ደግሞ የትም ልሥራ ብቻ ይሩጥ አለ። አስተማሪዋ የፍጥነት ትምህርት ጀመረች፤ እስከዚያ ድረስ ምሳሌ አጥታለት ነበር። ሶስና አባቷን ለገሃር ድረስ ሸኘችውና ጆሮው ሥር «አባ፣ ይሮጣል አይደል?» አለችው። ዳምጠው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሐዲዱ የመንግሥት አይደለም፣ የዕድር ነው። መንግሥት አልችልም ብሎ የተወው ጊዜ ስምንት ዕድሮች ለስምንት ተካፍለው ተረከቡት። ለዚያ ነው እንግዲህ ድሬ ውስጥ ዕድርተኛ ለቅሶ ከመድረስ እኩል ሐዲድ የሚያጠጣው። ጎህ ሲቀድ በየተራ ባልዲ ይዞ ይወጣል፣ ብረቱን ያበርዳል፣ የቀረ ይቀጣል። ዕድሮቹ ሐዲዱን ሲረከቡ ንብረታቸውን ማንም እየመጣ እንዳይነካ ብለው ደንብ አወጡ፤ አንድ ሐዲድ የሚጠገነው የሌላ ዕድር ሰው በአደባባይ «ታሟል» ብሎ ሲመሰክር ብቻ ነው። ባለቤቱ ስለ ራሱ አይመሰክርም። ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ መመስከር ይከብደዋል ተብሎ ደግሞ ምስክርነቱ ተሻገረ፤ የመጀመሪያው ዕድር ለመጨረሻው፣ የመጨረሻው ለመጀመሪያው፣ መሃሎቹም እንደዚያው ተጣመሩ።

ብልህ ደንብ ነበር፤ ያወጡት ግን ድሬዎች መሆናቸውን ረሱት። ድሬ ሰው ፊት ለፊት ይሰዳደባል፣ አባቱን አንተ ይላል፣ ቀብር ላይ ይቀልዳል። የሰው ሐዲድ ላይ ግን አፉን አይከፍትም። ሐዲዱን ያጠጡት ያ ሰው፣ እናቱ፣ አያቱ ናቸው፤ ሐዲድህ ታሟል ማለት ቤተሰብህ አልሠራም ማለት ነው። ሁሉም የራሱ እንዲጠገን ይመኛል፤ ሌላው ይመስክርልኝ ብሎ በሆዱ ይለምናል፤ እሱ ግን በሌላው ላይ ክፉ ተናጋሪ መሆን አይፈልግም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው የገዛ ሐዲዱን ሐሜት ሰምቶ የሚያውቅ ዕድር አልነበረም።

በዕጣ ይሁን በዕድል፣ የለገሃሩን ዕድር ወክሎ ስለ መልካ ጀብዱ እንዲመሰክር የተመረጠው ዳምጠው ሆነ። የመልካ ጀብዱ ዕድር ሊቀመንበር ደግሞ ገረመው ነው፣ የዮናታን አባት።

ቀኑ ደረሰ። ገና ሳይነጋ ለገሃር ጥላ በያዘ ሰው ተሞላ። ወጌሻዋ ከሩቅ ብቅ ስትል ሕዝቡ እልል አለ። ቤት ታክላለች፤ ብዙ እጅ አላት፣ እጆቿን ግን ደረቷ ላይ አጣጥፋ እንደ ጨዋ ሴት በዝግታ ነው የገባችው። አብራት የመጣችው ኢንጂነር ሰዓዳ ከላይ ወርዳ ሰዉን አየች፣ ሐዲዱን አየች፣ ሐዲዱን ባየች ጊዜ ዓይኗ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ወደ ገረመው ዞራ «እርስዎ ነዎት ምስክሩ?» አለችው። አንቱ መባል የማያውቀው ገረመው ከኋላው ትልቅ ሰው የቆመ መስሎት ዞር ብሎ አየ።

ሰዓዳ ጥያቄዋን ጠየቀች። ይህ የለገሃር ሐዲድ ጤነኛ ነው ወይስ ታሟል?

ገረመው ጉሮሮውን ጠረገ። ሐዲዱ እግሩ ሥር ተንጋዶ ይታያል። ዳምጠውን አየው፣ ውድነሽን አየ፣ ነገ የልጁ አማት የምትሆነውን። ከዚያ ደረቱን ነፍቶ «ጤነኛ ነው! እንደ ባለቤቶቹ!» አለ።

እልልታው ቀለጠ። የለገሃር ሰው ተቃቀፈ፤ ዳምጠውም ከልቡ አጨበጨበ፣ መቼም ክብር ይጣፍጣል። ወጌሻዋ እጇን ሳትዘረጋ በሐዲዱ ላይ አልፋ ሄደች። የዳምጠው ጭብጨባ ያኔ ነው የቆመው።

ውድነሽ ጥላዋን አዘንብላ ተጠጋችው። «ምን ያስጨበጭብሃል?» አለችው ቀስ ብላ። «ልጅህ እኮ ቆማ ቀረች።»

ሁለተኛው ዕድር ጋ የሰባተኛው ምስክር ጤነኛ ነው አለ። ሦስተኛው ጋም ጤነኛ ነው ተባለ። አራተኛው ጋ ምስክሯ የመጋላው ዕድር ፈቲሃ ናት፤ አፏ እንደ ምላጭ ነው ተብላ ሁሉም የተማመነባት ሴት ናት፤ እሷም ሐዲዱን አየችው፣ ባለቤቶቹን አየች፣ ቆጥ እንደጠበባት ዶሮ ተቅበጥብጣ «ኧረ ምን ይወጣለታል» ብላ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። እልልታው እየሳሳ ሄደ። ሰዉ ከወጌሻዋ ኋላ ይከተላል። እያንዳንዱ የተመሰገነ ዕድር ፊቱ ላይ የተቀበለውን ምስጋና መልሶ መስጠት የፈለገ ይመስል ነበር። ወጌሻዋ እጆቿን እንዳጣጠፈች ከተማውን አቋርጣ መልካ ጀብዱ ገባች።

ዳምጠው ከሁሉም ፊት ነበር የሚሄደው፤ ልማድ ነው። ገረመው ጠዋት አክብሮታል። አሁን እሱ ገረመውን በዕድሩ ፊት፣ በልጁ ፊት ሊያዋርደው ነው? ካዋረደው ነገ ምን ብሎ ልጁን ይሰጠዋል? ገረመውስ ምን ብሎ ይቀበላል? ዝም ካለ ደግሞ ወጌሻዋ ነገ ጅቡቲ ናት፤ ሶስና በውድነሽ ቃል ታስራ ትቀራለች። ባቡሩ ሲሮጥ። ከዚህም ብትሄድ ገደል፣ ከዚያም ብትሄድ ገደል።

ሶስና ከዮናታን ጋር ጎን ለጎን ቆማለች፤ እጅ ለእጅ አልተያያዙም፣ ሰው አለ። ጣቶቻቸው ግን ይነካካሉ። ዳምጠው አየና ፊቱን አዞረ።

ሰዓዳ ጠየቀች። ጤነኛ ነው ወይስ ታሟል?

ገረመው ፈገግ ብሎ ይጠብቃል። ዕድሩ ከኋላው ተሰልፏል፣ ለእልልታ አፍ የከፈቱ ሴቶች አሉ። ዳምጠው ተንጋዶ የተኛውን ሐዲድ አየ።

«ታሟል» አለ።

ድምፁ ትንሽ ስለነበረ ሰዓዳ እንዲደግምላት ጠየቀች። ካፍ ከወጣ አፋፍ፤ ዳምጠው ባንዲራውን መሬት ላይ አቆመና ጮክ አለ። «ታሟል! ገረመው ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ፣ አባትህ ያጠጣው ሐዲድ መሆኑን አውቃለሁ። ታሟል፣ ሁላችንም ታመናል፣ የነገረን ሰው የለም እንጂ።»

ጥላዎች እንኳ መወዛወዝ አቆሙ። የሶስና ጣቶች ከዮናታን ጣቶች ተለያዩ። የወጌሻዋ እጆች ደግሞ፣ አንድ በአንድ፣ ከደረቷ ላይ ተፈቱ። ማንም ግን እሷን አላየም፤ ሁሉም ገረመውን ነበር የሚያየው።

ገረመው ወደ ዳምጠው መጣ፤ አፍንጫ ለአፍንጫ ተጠጋው። «መቼ ነው ያወቅከው?» አለው።

«ሁልጊዜም። በየቀኑ እሄድበት የለ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

ዳምጠው ላቡን ጠረገ። «አንተስ ጠዋት ስለኛ ምነው ዝም አልክ?»

የገረመው ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዮናታን አባቱ የሚያለቅስ መስሎት ሊደግፈው ሮጠ፤ ገረመው ግን እየሳቀ ነበር፣ ሆዱን ይዞ፣ እንባው እስኪፈስ። የልጁን ትከሻ ተደግፎ ወደ ሰዓዳ ዞረ።

«ኢንጂነር፣ ጠዋት ዋሽቻለሁ» አላት። «የለገሃሩ ሐዲድ ሐዲድ አይደለም። የተቀቀለ ፓስታ ነው!»

የለገሃር ሰው ለአፍታ ደነገጠ። ከዚያ ከመሃላቸው አንዲት ሴት እልል አለች፣ ሌላዋ ተከተለች፣ ሰድበውን ነው እኮ እልል የምንለው ያለ ሰው ነበር፣ የሰማው ግን የለም። ፈቲሃ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ወደ መሃል ወጣች። ለስንት ዓመት ያጠራቀመችውን ነበር ያወጣችው። ጤነኛ ያልኩት ሐዲድ፣ አለች፣ በላዩ ባቡር ሲሄድበት ሲንቋቋ የአማቴን ጉልበት ነው የማስታውሰው። የዚያ ሐዲድ ባለቤቶች በደስታ ጮሁና የራሳቸውን ምስክር ገፍተው አወጡ፤ እሱም የቻለውን ሰደበ። አንዱ ሐዲዳችሁ የሰከረ ሰው ፊርማ ነው አለ። ሌላው እናንተ ሐዲዱን አታጠጡትም፣ ታስለቅሱታላችሁ እንጂ አለ። እንዲህ ያለ ስድብ፣ እንዲህ ያለ ፍቅር ድሬ ታይቶ አያውቅም፤ የተሰደበ ሁሉ የሰደበውን እየሳመ ነበር።

ሰዓዳ ሁሉንም በጸጥታ ሰማች። ደንቡ ምስክር በዚያው ቀን ቃሉን ማረም ይችላል ይላል ወይ ብላ ጠየቀች፤ ይላል አሏት፣ ባይልም ያሉ ነበሩ። የፀሐይ ጡሩንባ ያኔ ተነፋ። «ወጌሻዋ ሙቀት አትፈራም» አለች ሰዓዳ። «እናንተ ግን ወደ ቤታችሁ ግቡ።»

ማን ይገባል! ዕድሮቹ የለቅሶ ድንኳኖቻቸውን አወጡ፤ ከመልካ ጀብዱ ጀምሮ በሐዲዱ ዳር ዳር ድንኳን ተተከለ፣ ሰውም ሥሩ ተደርድሮ ተቀመጠ። ማንም ያልሞተበት የድንኳን ሰልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ወጌሻዋ በቀትር ፀሐይ፣ ሰው በማይወጣበት ሰዓት፣ አሮጌውን እየነቀለች ነጩን እየዘረጋች ወደ ኋላ ተመለሰች። በደረሰችበት ሰው ይነሳል፣ ያጨበጭባል፣ በረዶ የገባበት ውሃ ያቀርብላታል፤ ማሽን አይጠጣም ብትባልም ፈቲሃ አንድ ባልዲ ደፋችባት። በማግስቱ ንጋት ከለገሃር ስትወጣ ከኋላዋ ያለው ሐዲድ ቀጥ ያለ ነበር። እንዲህ ቀጥ ያለ ነገር ድሬ ውስጥ አልነበረም።

ከዚያ ባቡሩ አልሄድም አለ።

ሰው ተሳፍሯል፣ ፀጉር አስተካካዩ እንኳ መቀሱን ከቷል። ባቡሩ ግን ለገሃር ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ከፊቱ ሰው ይጠብቃል። ሰዓዳ ሐዲዱ አዲስ እንደሆነ ነግራዋለች፤ ባቡሩ ሰምቷል፣ አላመነም። ስንት ዓመት የፈራ ነገር በአንድ ቀን አይደፍርም። ሁሉም ዳምጠውን አየው።

ዳምጠው ባንዲራውን አንስቶ ከፊቱ ቆመና መራመድ ጀመረ፤ ባቡሩ ተከተለው። ፈጠን አለ፤ ባቡሩም ፈጠን አለ። ዳምጠው ወደኋላ ዞር ብሎ አየውና አንድ ነገር ገባው። ባንዲራውን ወረወረው፤ ሱሪውን ጉልበቱ ድረስ ሰበሰበ፣ መሮጥ ጀመረ። በሸበተ ፀጉር፣ በዚያ ዕድሜ! ባቡሩም ከኋላው ሮጠ። ከተሳፋሪው ጩኸት ተነሳ፣ ከየበረንዳው ሰው ተንጋጋ፣ ውድነሽ ነጠላዋን ጥላ «ዳምጠው፣ ልብህ!» እያለች ከጎን ትሮጣለች፣ ሶስና ታጨበጭባለች። ዳምጠው ሮጠ፣ እግሩ የሌላ ሰው እስኪመስለው ሮጠ፤ ትንፋሹ ሲያልቅ ወደ ዳር ዘለለና አሸዋው ላይ ተዘረረ።

ባቡሩ አልቆመም። በነፋሱ ሸሚዙን ገልቦት አለፈ። ሄደ። እየፈጠነ፣ እየፈጠነ፣ በድልድዩ ላይ አብረቅርቆ ጠፋ።

ውድነሽ እያለከለከች ደርሳ ከጎኑ ቁጭ አለች። ሁለቱም ባዶውን ሐዲድ አዩ። «እሺ» አለች በመጨረሻ፣ ከወደቀው ባሏ ፀጉር ላይ አሸዋ እያራገፈች። «ባቡሩ ሮጠ።»

የሰርጉ ቀን የተቆረጠው በዚያው ሳምንት ነው። በሰርጉ ጠዋት ሁሉም እንደ ዱሮው ልማድ ሙሽራው ከመልካ ጀብዱ እስኪደርስ ጊዜ አለ ብሎ ተዝናንቶ ነበር፤ ውድነሽ ፀጉሯን በቢጎዲን ጠቅልላ ሽንኩርት ላይ ነበረች፣ በር የሚዘጉት ልጃገረዶች አልተነሱም። ገረመውና ዮናታን ከነሚዜዎቹ በር ላይ ቆሙ። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ የሚባለው በውድነሽ ቤት ደረሰ። ገረመው እንደ ልማዱ በር እንዲዘጋበት ጠይቆ፣ የሚዘጋለት ስላጣ ራሱ ዘግቶ ራሱ አንኳኳ።

ሶስና ስትሄድ ውድነሽ አለቀሰች። እናት ናት፣ ልማዱም ነው፤ ሴቶቹ ከበዋት ተቀመጡ፣ አይዞሽ ይሏታል፣ እሷ ደግሞ ልጄን ወሰዱብኝ እያለች ደረቷን ትመታለች። ዳምጠው ጥግ ይዟል። ቤቱ ባዶ መሆኑን ማየት የጀመረው ገና አሁን ነው። ለቅሶው አልበረደም፣ ሻዩ አልቀዘቀዘም፣ በሩ ተከፈተና ሶስና በሙሽራ ቀሚሷ ገባች።

ውድነሽ እንባዋ ጉንጯ ላይ ቆመ። «ምነው? ምን አደረጉሽ?»

«ምንም። ነጠላ ጫማዬን ረስቼ» አለች ሶስና። «ይኼ ተረከዙ ገደለኝ።»

«ሙሽራ በሰርጓ ቀን ትመለሳለች እንዴ፣ አንቺ ባለጌ!» ብላ ጀመረች ውድነሽ፤ ጀምራ ግን አልጨረሰችም። ልጇን አየቻት፣ በሩን አየች፣ ልጇን አየቻት። «ከመልካ ጀብዱ ነው የመጣሽው?»

«እና ከየት ልምጣ?»

«ነገስ?»

«ነገም እመጣለሁ። ከፈለግሽ በቀን ሁለቴም እመጣለሁ፣ እማ።»

ሴቶቹ ሲስቁ ውድነሽ እንደገና ማልቀስ ጀመረች፤ የአሁኑ ግን ልማድ አልነበረም። ከአልጋ ሥር ነጠላ ጫማውን አውጥታ ራሷ ለልጇ አጠለቀችላት። ከዚያ ወደ ዳምጠው ዞራ ሸኛት እንጂ፣ ምን ተጎልተሃል አለችው።

ለገሃር ላይ ባቡሩ ቆሞ ነበር። ዳምጠው በልማድ ወደ ፊት ሊያልፍ ሲል ሶስና ክንዱን ያዘችው፣ ወደ በሩ አዞረችው። ተሳፈረ። ሰው መቀመጫ ለቀቀለት፣ ከፊት በመስኮቱ ዳር። ተቀመጠ። ባቡሩ ሲነሳ እግሩ ለመራመድ ከወለሉ ተነሳ፤ ሶስና አይታ ሳቀችበት፣ እሱም ሳቀ፣ እግሩንም አሳረፈ። ከመስኮቱ ባሻገር ነጩ ሐዲድ ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል። ከፊታቸው ማንም ሰው አልነበረም።